የአያ ቢያዝን የቅዳሜ ወገብ

ዐርብ ቀን ነው። አያ ቢያዝን ቀጥቃጩ ከፍኖተ ሰላም የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ገዝተው፣ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው፣ ወደ ቡሬ ከሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ብረቱን ከእግራቸው ሥር ሲያስገቡ አንዲት ወጣት "አጎቴ!" ብላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ቀና ቢሉ የእኅታቸው ልጅ አይናለም ናት።

አይናለም ጎንደር ያደገች፣ እዚያው ከቤተ ጸሎቱ አጠገብ በቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት የተማረች፣ ዩኒቨርሲቲም ጨርሳ ዘንድሮ ፍኖተ ሰላም የሒሳብ መምህርት ሆና የተመደበች ልጅ ናት።

"ወደ እናንተ ስመጣ ነው እኮ! ሰንበትን አብሬያችሁ ልውል።"

አያ ቢያዝን ሊስሟት ጎንበስ ሲሉ ዐይናቸው አንገቷ ላይ ቀረ። ባዶ ነው። ማተብ የለውም። የፊታቸው ደስታ ፀሐይ እንዳገኘው ጤዛ ጠፋ።

"ነጠላሽን ጠምጥሚው" አሉ በሹክሹክታ።

"ምነው? ብርድ እኮ የለም።"

"የሰው ዐይን አለ። ባዶ አንገት ይዘሽ እኔ ሰፈር ልትገቢ? ቡሬ ስንደርስ ጥቁር ክር እገዛልሻለሁ።"

አያ ቢያዝን እንዲህ የሚሉት ያለ ነገር አይደለም። በዚያ ገጠር የኖሩት ሦስት ጉልቻቸውን ጎልተው ልጅ አሳድገው ነው፤ ይኸን ያህል ዘመን አንገታቸው ላይ ማተብ አለ፤ ለዓመት በዓልም ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆመው ይታያሉ። ነገር ግን ቅዳሜ ሲሆን ወገባቸውን ያማቸዋል። ሕመሙ ዐርብ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይጀምራል፤ ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ ይተዋቸዋል። እንዲህ ያለ ሰዓት አክባሪ ሕመም በአገሩ ታይቶ አይታወቅም። ማረሻ ሊያስመታ የመጣን ገበሬ የሰፈሩ ልጆች ከሩቅ "ይመለሱ፣ ዛሬ ወገባቸው ነው!" ይሉታል። አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነገር ነው። ምስጢሩ እንደ ታወቀ የማያውቁት አያ ቢያዝን ብቻ ናቸው።

ከአስፋልቱ ወርደው፣ በየደጁ በተሰጣው ቀይ በርበሬ መሐል ወደ ሰፈር ሲያቀኑ ሰው ስለ ራቀላቸው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"እኔ ክሩን አልጠላሁትም፣ አጎቴ" አለች አይናለም። "ማተብ ለክርስቲያን ክብሩ ነው። እኔ ባስረው ግን በእነሱም በራሴም መቀለድ ይሆናል።"

"ክብር! ክብር የሚያወራ የጠገበ ነው። እኔ ጎጆዬ እንዳትቃጠል ነው የምፈልገው። ጎመን በጤና፣ ልጄ።"

"ዝም በማለትዎ ስድቡ ቀረልዎ?"

"አልቀረም። ግን ዱላ አልሆነም።" ከረጢቱን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወሩ። "አንቺ ከወገንሽ ጋር በአጥር ውስጥ ተምረሽ ነው የምትደፍሪው። መቶ ሆነው ሲጸልዩ ማን ይፈራል? እዚህ እኔና እትየሽ አቻምየለሽ ብቻችንን ነን። አሸናፊ ምን እንዳደረገ ረሳሽው?"

አሸናፊ የአያ ቢያዝንና የሚስታቸው የእትየ አቻምየለሽ አንድ ልጅ ነው። ትምህርት ቤት "የቡዳ ልጅ፣ ጅብ" ሲሉት ዝም፣ ሲሉት ዝም ብሎ፣ አንድ ቀን ከአባቱ መቀጥቀጫ ቤት መዶሻ ይዞ ሄዶ የአንዱን ልጅ ክንድ ሰበረ። ከዚያ ወዲያ አዲስ አበባ ገባ፤ የአባቱንም ስም ለውጦ ይኖራል ይባላል። ስልክ የሚደውለው ለእናቱ ነው።

"አልረሳሁትም" አለች አይናለም። "እሱን የሰደቡበት ስድብ እኔንም ሰድበውኛል። ልዩነቱ ምን መሰለዎ? አሸናፊን ደብቀው አሳደጉት። 'ቡዳ ነህ' ሲሉት 'አይደለሁም፣ እኔ እንዲህ ነኝ' የሚልበት ነገር አልነበረውም። ባዶ እጁን ሲሆን መዶሻ አነሣ።"

አያ ቢያዝን መንገድ ላይ ቆሙ። ቁጣቸው እስከ ጆሯቸው ወጣ። "አንቺ! የልጅ አባት እኮ ነው የምታናግሪው።"

"ይቅርታ፣ አጎቴ። ግን ይስሙኝ። የትምህርት ቤታችን የኔታ እንዳትፈሩ አላሉንም። እኔም ፈሪ ነኝ። ባለፈው ወር በመምህራን ማረፊያ የጠጣሁበትን ብርጭቆ አንዱ ባልደረባዬ በጨርቅ ይዞ ወደ ውጭ ሲጥለው አይቼ ሮጬ ልወጣ ነበር። ግን ምን እንደማደርግ ተምሬያለሁ፤ አጠገቡ ተቀምጬ 'ምን ሰማህ? ከማን ሰማህ?' ብዬ ጠየቅሁት።"

"እና ወዳጅሽ ሆነ?"

"አልሆነም። ግን አሁን ሰላም ይለኛል፤ ብርጭቆም አይጥልም።"

"እሰይ! ዐሥራ ስድስት ዓመት ተምረሽ አንድ ብርጭቆ አዳንሽ።"

አይናለም ሳቀች። እውነቱን ለመናገር አያ ቢያዝንም በከፊል ሳቁ። ወዲያው ግን ኮስተር አሉ፤ የጎረቤታቸው የስመኘው ቤት ደጃፍ ደርሰዋልና።

"ሁላችንም እኩል አልተማርንም" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ከክፍል ጓደኞቼ አንዱ ቀኑን ሙሉ ፌስቡክ ላይ ተቀምጦ ስድብን በስድብ ይመልሳል። እሱ ኩራቱን ወስዶ ትምህርቱን ትቶታል። የተማርነው ግን ይህ ነገር የእኛ መንደር ብቻ እንዳልሆነ ነው። በሌላው ዓለምም ወረርሽኝ ሲገባ 'አይሁድ የውኃ ጉድጓዱን መረዙት' እያሉ ቤት አቃጥለዋል። እዚህ ልጅ ሲታመም 'ቡዳ በላው' ይላሉ። ስሙ ይለያይ እንጂ ሰው የፈራውን ነገር የሚሰቅልበት ችካል አንድ ነው። ችካሉ እኔ እንዳልሆንሁ ካወቅሁ አልበረግግም፤ ሰውዬው የፈራው ምን እንደ ሆነ እጠይቃለሁ።"

አያ ቢያዝን ከረጢቱን አስተካክለው እርምጃቸውን አፈጠኑ። "ቤት ገብተን ውኃ ጠጪ" አሉ ብቻ። ክሩንም መግዛት ረስተውት ነበር።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ደረሰ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ አያ ቢያዝን እንደ ወጉ ወገባቸውን ታመው መደብ ላይ ጋደም እንዳሉ፣ ከአጥሩ ውጭ ጫጫታ ተሰማ።

"አያ ቢያዝን! ይውጡ!"

ስመኘው ነው። ልጁን ሕይወትን በጋቢ ጠቅልሎ አቅፏል። ሕይወት ጥርስ መለወጥ የጀመረች ልጅ ናት። ዐይኗ ወደ ላይ ዞሯል፤ ሰውነቷ እሳት ነው፤ ድንገት ድንገት ትንቀጠቀጣለች። ከጎኑ እናቱ እመት ያምሮት ደረታቸውን ይደቃሉ። ከኋላቸው ደግሞ ዱላ የያዙ ጎረቤቶች ቆመዋል። ትናንት በርበሬ ሲያሰጡ "እንደምን ዋላችሁ" ያሉ ናቸው፤ ዛሬ ሰላምታ የለም።

"ከትናንት ጀምሮ እንዲህ ናት" አለ ስመኘው። ድምፁ ይቆራረጣል። "ሐሙስ ዕለት ከናቴ ጋር ጀበና ሊገዙ መጥተው እትየ አቻምየለሽ 'ምንኛ ታምራለች' ብለዋታል። ሌላ ነገር አልልም። ይትፉላት።"

የዚያን አገር ልማድ ለማያውቅ ማስረዳት ደግ ነው። ቡዳ በልቶታል የተባለን ሕመምተኛ ወደ ተጠርጣሪው ደጅ ይወስዱታል። ተጠርጣሪው ምራቁን እንትፍ ካለበት ይለቀዋል ይባላል። ከዓመታት በፊት የስመኘውን ወንድም ልጅ እንዲሁ አምጥተውት አያ ቢያዝን ለሰላም ሲሉ ተፍተውለት ነበር። ልጁም ጉንፋን ኖሮ በማግስቱ ተነሣ። አያ ቢያዝን ሰላም የገዙ መስሏቸው ነበር፤ የገዙት ግን ስም ነበር። የለቀቀ እሱ ከሆነ የያዘውም እሱ ነዋ!

እትየ አቻምየለሽ ከምሰሶው ተጣብቀው ቀሩ። አያ ቢያዝን ወገባቸውን ረስተው ብድግ አሉ። "እሺ፣ እሺ ልጄ፣ አምጣት" እያሉ ወደ ደጁ ሲሄዱ አይናለም ቀድማ በሩ ላይ ቆመች።

"አይተፉም" አለች።

ዱላዎቹ ተንቀሳቀሱ።

"ይቺ ደግሞ ማናት?" አሉ እመት ያምሮት። አንገቷን አዩት። "ማተብ የላትም! አላልኋችሁም? አሁንማ ገልጠው መጡ!"

"የእኅታቸው ልጅ ነኝ፣ እመት። ቤተ እስራኤል ነኝ፣ አዎ፤ አልደብቅም። ሕይወት ግን እየነደደች ነው። ጤና ጣቢያ ወስዳችኋታል?"

"የቡዳ መድኃኒት ጤና ጣቢያ አለ እንዴ? መርፌ ካስወጋናት ትሞታለች!" አለ ስመኘው። ዐይኑ ቀልቷል። "ሴትዮ፣ ከበሩ ዞር በይ። ልጄ ብትሞት ይህች ቤት አትድንም።"

አያ ቢያዝን የእኅታቸውን ልጅ ክንድ ይዘው ወደ ውስጥ ጎተቷት። "አብደሻል?" አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው። "ምራቅ ምን ያወጣል? ልትፋ፤ ከዚያ ጤና ጣቢያም ይውሰዷት። ሁለቱም ይሁን! ማን ይጎዳል?"

ይህ ክርክር ሞኝ ክርክር አልነበረም። ደጅ የቆመው ሰው ሁሉ በዚያ ደቂቃ ቢጠየቅ የሚለው ይህንኑ ነው። አይናለም ክንዷን አስለቀቀች።

"እርስዎ ይጎዳሉ" አለች ቀስ ብላ። "እነሱም ይጎዳሉ። ተፍተውላት ጤና ጣቢያ ብትድን ምስጋናው የምራቁ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚታመመውን ልጅ ማን ጤና ጣቢያ ይወስደዋል? እዚህ ደጅ ነው የሚያመጡት። የዚያን ጊዜውን ልጅ ጉንፋን አነሣው፤ እርስዎም ሐኪም ሆኑ። አንድ ቀን ግን አንዱ ልጅ እዚህ ደጃፍ ላይ ይሞታል፣ አጎቴ። ያን ቀን ምን ሊተፉ ነው?"

"ዛሬ ብትሞትስ? እንቢ ብዬ ብትሞትስ?"

"እኔ አብሬያቸው እሄዳለሁ።" ወደ ስመኘው ዞረች። "ስማኝ፣ ወንድም ጋሼ። አጎቴ አይተፉም፤ ያልያዙትን አይለቁምና። እኔ ግን መያዣ ልሁንህ። አሁኑኑ ባጃጅ ይጠራ። ልጅቷን ታቅፈህ ትቀመጣለህ፣ እኔ አጠገብህ እሆናለሁ። የሆነ ነገር ብትሆን እጅህ ላይ ነኝ። ግን እያንዳንዱ የምንጨቃጨቅበት ደቂቃ የሷ ነው።"

ስመኘው እናቱን አየ። እመት ያምሮት አያ ቢያዝንን አዩ። "አንተ ተናገር!" አሉ። "የቤቱ ጌታ አንተ ነህ። ትተፋለህ ወይስ አትተፋም?"

አያ ቢያዝን አፋቸው ደረቀ፤ ሊተፉ ቢፈልጉ እንኳ ምራቅ አልነበራቸውም። የዚያች ልጅ ጥርስ ሲንገጫገጭ ይሰማቸዋል። የጎጆው ሣር ክዳን፣ ወናፋቸው፣ የሚስታቸው ያልተተኮሰ ሸክላ በዐይናቸው ዞረ። መዶሻ ይዞ የወጣው ልጃቸውም ዞረባቸው። ያን ቀን ሲወጣ አይተውት "ወዴት ነው?" ሳይሉት ነው ያሳለፉት።

"አልተፋም" አሉ። ድምፃቸው ለራሳቸውም እንግዳ ሆነባቸው። "እኔ ሰው አልበላሁም፣ እመት ያምሮት። ሚስቴም ልጅሽን አደነቀች እንጂ አልበላቻትም። ባጃጁን እኔ እጠራለሁ። እኔም እሄዳለሁ። ሁለት መያዣ ይሁንህ፣ ስመኘው።"

እንዲህ ብለው ወገባቸውን በሚያማቸው ቀን እስከ አስፋልቱ ሮጡ።

በባጃጁ ውስጥ አይናለም "ሰሞኑን የት ነበረች?" ብላ ጠየቀች፤ ስመኘው "እስከ ረቡዕ ቆላ፣ እናቷ ዘንድ፣ ለበቆሎ ጥበቃ" አለ፤ ከዚያ ልጅቷ ደግማ ስትንቀጠቀጥ አባትየው ጭንቅላቷን ደረቱ ውስጥ ቀበረው። አያ ቢያዝን ከሾፌሩ ጎን ግማሽ መቀመጫ ላይ ተንጠልጥለው፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

ጤና ጣቢያው ጣቷን ወግቶ ደሟን አየ። ወባ ነው፤ ያውም ወደ አንጎል የሚወጣው ክፉው። ወዲያው መርፌ ጀመሩላት። "ወደ ሌላ ቦታ ዞራችሁ ቢሆን ኖሮ…" አለች ነርሷ፤ አልጨረሰችውም። ስመኘው መሬቱን አየ።

ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ነው። ሦስቱ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሦስቱም አብረው ይነሣሉ፤ ሲዘጋ አብረው ይቀመጣሉ።

"ሰንበትን ሻርን" አሉ አያ ቢያዝን ለአይናለም በጆሮዋ። "አባቴ ይህችን ቀን እሳት አይነካም ነበር። ለራሱ ነፍስ እንኳ ባጃጅ ላይ አይወጣም ነበር።"

"ነፍስ ለማዳን ሰንበት ይሻራል፣ አጎቴ። መጀመሪያ ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ ነው። መሻር እንኳ አይደለም፤ ማክበር ነው ይሉናል የኔታ።"

"የክርስቲያንም ነፍስ?"

"ነፍስ ነፍስ ነው።"

አያ ቢያዝን አሰቡ። "አባቴ ይህን ባይሰማ ይሻለዋል" አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ "ወይም ቢሰማ" አሉ።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስትዘነብል ሕይወት ዐይኗን ከፍታ ውኃ ጠየቀች። ስመኘው ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሲረጋጋ አያ ቢያዝን አጠገብ መጥቶ ቆመ።

"አያ፣ እናንተ ካልያዛችኋት ታዲያ ማን ያዛት?"

"ቢምቢ" አለች አይናለም። "ቆላ ነድፋት ነው። የታደላችሁን አጎበር ይዛ አልሄደችም?"

ስመኘው አንገቱን አከከ። "የበርበሬ ችግኝ ሸፍነንበት ነበር። ዶሮ አስቸግሮን።"

"ችግኙስ ዳነ?" አሉ አያ ቢያዝን።

"ችግኙ ድኗል።" ስመኘው ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። "ቡዳ ይሻል ነበር፣ አያ። ቡዳን ደጁ ሄደው ይለምኑታል። ቢምቢን ምን ብዬ ልለምን?"

"የሚቸግረውም ይኸው ነው፣ ልጄ" አሉ አያ ቢያዝን። "የሚለመን ሰው ይቀላል። ስለዚህ ሰው ፈለጋችሁ፤ እኔን አገኛችሁ። እኔም ተገኘሁላችሁ፤ ለዚያኛው ልጅ ስተፋ 'አዎ፣ እኔ ነኝ' ያልሁ እኔው ነኝ። አንተ ያየኸውን አመንህ። ጥፋቱ ለሁለት ይከፈላል።"

ስመኘው ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ያዙት። "ተው፣ ወገቤን ታሳምመኛለህ" አሉት። በዚህኛው ግን ሳቀ።

የዚያ ሳምንት ወሬ ከቡሬ ገበያ እስከ ደምበጫ ተሻግሯል ቢባል ማጋነን ነው፤ በሰፈሩ ግን የሠራውን ሠርቷል። ቀድሞ ልጅ ሲያተኩሰው ወደ ቀጥቃጩ ቤት የሚያዘግመው እግር ዛሬ ወደ ጤና ጣቢያ ይሮጣል። አጎበሩ ከችግኝ ላይ ተነሥቶ ታጥቦ አልጋ ላይ ወጥቷል፤ ዶሮዎቹ ደስ ብሏቸዋል። እትየ አቻምየለሽ ልጅ ሲያዩ "ታምራለች" ይላሉ፤ የሚደነግጥላቸው ቀንሷል። እመት ያምሮት እንኳ "ቡዳ የሚባል ነገር የለም፤ እንደው ለማንኛውም ግን ጥጃዬን አትዩብኝ" እስከ ማለት ደርሰዋል። ይህም መሻሻል ነው።

አይናለምም በየሳምንቱ ዐርብ እየመጣች ሰንበትን አብራቸው ትውላለች። መፍራት አልተወችም፤ ሰው አንገቷን ሲያይ ዛሬም ትከሻዋ ይጠነክራል። የእምነት ትምህርት ሰውን ከፍርሃት ነጻ አያወጣውም፤ ፈርቶም ቢሆን ማንነቱን እንዳይክድ፣ የሰደበውንም ሰው ልጅ እንዳይጠላ ያደርገዋል። ልጁን የሚደብቅ አባት ከስድብ ያዳነው ይመስለዋል፤ ስድቡ ግን ያለ መልስ እዚያው ልጁ ውስጥ ያድራል። ክርስቲያኑም ልጁን ቢያስተምር እንዲሁ ነው፤ የእምነቱን ክብር የሚያውቅ ሰው የሌላውን ለመንካት አይቸኩልም።

አያ ቢያዝን ማተባቸውን ፈትተዋል። አልጣሉትም ግን፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ከምሰሶው ላይ አኑረውታል። "የሰው ክብር ነው፤ አይጣልም" ይላሉ። ለአሸናፊም በአይናለም ስልክ ደውለውለታል። ምን እንደተባባሉ አልተሰማም፤ ሲዘጉ ግን ረጅም ጊዜ ወናፉን ሳይነፉ ተቀምጠዋል።

ሕይወት በዳነች በሳምንቱ፣ ቅዳሜ፣ ስመኘው የደነዘ ማረሻ በትከሻው ይዞ መጣ። ቀኑን ስቶት አልነበረም። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ ልጆቹ እየሰሙ፣

"አያ ቢያዝን! ወገብዎ ዛሬስ እንዴት አደረ?" አለ።

አያ ቢያዝን ደጃቸው ላይ ነጭ ለብሰው ተቀምጠዋል። አይናለም ከውስጥ ሆና ትጠብቃለች።

"ወገቤ ደኅና ነው፣ ስመኘው" አሉ። "ሰንበቴ ነው።"

"እንግዲያው ሰኞ እመጣለሁ። ነገ ደግሞ የኔ ነው" አለ ስመኘው፤ ማረሻውንም አጥራቸው ላይ አስደግፎ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማረሻ ይዞ ቅዳሜ የሚመጣን ገበሬ የሰፈሩ ልጆች ከሩቅ ይጮኹለታል፦ "ይመለሱ፣ ዛሬ ሰንበታቸው ነው!"